የፊዲያስ አሮጌ ቪዲዮዎች ወንበሩን ለምን አልነቀነቁትም?

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 አንድ የ23 ዓመት ቆጵሮሳዊ ዩቲዩበር ከጓደኞቹ ጋር ጃፓንን ያለ ገንዘብ ሲያቋርጥ የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። ትኬት ሳይቆርጡ ሺንካንሰን የሚባለው ፈጣን ባቡር ላይ ይሳፈራሉ፤ ሽንት ቤት ውስጥ ይደበቃሉ፤ ተቆጣጣሪ ሲደርስባቸው የታመሙ ይመስላሉ፤ ሳይከፍሉ የትልቅ ሆቴል ቁርስ ይበላሉ። ጃፓናውያን ተቆጡ፣ ወሬው በዓለም ሚዲያ ተዛመተ፣ ወጣቱም ይቅርታ ጠየቀ። ስምንት ወር ገደማ ቆይቶ፣ ጁን 9 ቀን 2024፣ ፊዲያስ ፓናዮቱ የተባለው ይኸው ወጣት 71,330 ድምፅ ይዞ የአውሮፓ ፓርላማ አባል ሆነ።

ብዙዎች ነገሩን ሲተነትኑ «ሕዝቡ ምን ነክቶት ነው?» ከሚለው ይነሳሉ። በዚህ መንገድ ብዙ ርቀት አይኬድም። አሮጌ ቪዲዮ ፖለቲከኛን የሚጎዳው በቪዲዮው ምክንያት አንድ ነገር ሊነጥቀው የሚችል አካል ሲኖር ነው። ዕጩነትን የሚሰርዝ ፓርቲ፣ ጥምረቱን የሚያፈርስ አጋር፣ አባሉን የሚያባርር ምክር ቤት፣ የሚከስስ ዐቃቤ ሕግ ወይም ፊቱን የሚያዞር መራጭ ሊሆን ይችላል። በፊዲያስ ጉዳይ እነዚህን አንድ በአንድ ብንፈትሽ አብዛኞቹ ቦታቸው ባዶ ሆኖ እናገኘዋለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊዲያስ በዩቲዩብ የታወቀው ራሱን ወይም ሌላውን ሰው ችግር ውስጥ በሚያስገቡ ሙከራዎች ነው። መቶ ታዋቂ ሰዎችን አቅፋለሁ ብሎ ተነስቶ ኤሎን መስክን እስኪያቅፍ ድረስ በር ላይ ደጅ ጠንቷል። ያለ ገንዘብ አገር ለአገር መዞርም የተለመደ ዘውጉ ነበር፤ በዚያው በ2023 በሕንድ የቤንጋሉሩ ከተማ ሜትሮ ሳይከፍል ሲገባ የሚያሳየው ቪዲዮ የሜትሮውን አስተዳደር ክስ እስከ ማስዛት አድርሶታል። በጃንዋሪ 2024 ለአውሮፓ ፓርላማ እንደሚወዳደር በቴሌቪዥን ሲያስታውቅ ስለ ፖለቲካ የሚያውቀው ነገር እንደሌለ በግልጽ ተናገረ። ይህን የሰሙ የፓርቲ ሰዎች ሳይስቁ አልቀሩም። ምርጫው ሲጠናቀቅ ግን 19.4 በመቶ ድምፅ አግኝቶ፣ የአገሪቱ ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች ከሆኑት ከዲሲ እና ከአኬል ቀጥሎ ሦስተኛ ሆነ።

እዚህ ላይ ቁጥሮቹን ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል፤ የታሪኩ ግማሽ እዚያ ውስጥ ነው። ቆጵሮስ በአውሮፓ ፓርላማ ያላት 6 ወንበር ነው፤ አገሪቱ በሙሉ እንደ አንድ የምርጫ ክልል ትቆጠራለች። በኮታ አሠራር አንድ ሙሉ ወንበር የሚያስገኘው የድምፁ አንድ ስድስተኛ፣ ማለትም 16.7 በመቶ ገደማ ነው። ፊዲያስ ይህን አልፎታል፤ ወንበሩን ያገኘው ከኮታ በኋላ በሚደረገው የተረፈ ድምፅ ድልድል አይደለም። ይህ ማለት ከአምስት መራጮች አራቱ ቪዲዮዎቹን ቢጸየፉም ወንበሩ አይነካም። ያስፈለገው አምስተኛው ሰው ብቻ ነበር፤ በተለይ ደግሞ ከወጣቱ ትውልድ መካከል ያለው አምስተኛ ሰው።

በአንጻሩ የቨርጂኒያውን ጆርጅ አለን እናንሳ። በኦገስት 2006 ሴናተር አለን በምርጫ ዘመቻ ስብሰባ ላይ የተቀናቃኛቸው ሠራተኛ ሆኖ የሚቀርጻቸውን የሕንድ ዝርያ ያለው ወጣት «ማካካ» ብለው ጠሩት። ዩቲዩብ ገና ከተመሠረተ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። አጭሯ ቅንጭብ ተባዝታ የዘመቻው ዋና ርዕስ ሆነች፤ አለንም በኖቬምበር ከ10 ሺህ ባነሰ የድምፅ ልዩነት ተሸነፉ። በቨርጂኒያ የሴኔት ምርጫ ወንበሩ አንድ ነው፤ ብልጫ ያገኘ ሁሉንም ይወስዳል። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ከመቶ አንድ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ወንበር ይገለበጣል። በቆጵሮስ ሥርዓት ግን ሌላው አራት አምስተኛ ቢቆጣም የሚለወጥ ነገር የለም። ስለዚህ አንድ ቪዲዮ «ምን ያህል ጎጂ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱ ከቪዲዮው ይዘት ይልቅ በምርጫ ሕጉ ላይ የሚንጠለጠልበት ጊዜ አለ።

የግል ተወዳዳሪነቱ የራሱ ጣሪያ ነበረው። ብቻውን የተወዳደረ ሰው 19 በመቶ ቢያገኝም 45 በመቶ ቢያገኝም የሚወስደው አንድ ወንበር ነው፤ ከኮታው በላይ ያለው ድምፅ የሚተላለፍለት ሁለተኛ ሰው በዝርዝሩ ላይ የለም። ይህን ልብ ይሏል፤ ወደ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

የፓርቲ ጉዳይ ሲነሳ ጥሩው ማነጻጸሪያ ኦስትሪያ ነው። የነፃነት ፓርቲው መሪ ሃይንዝ ክርስቲያን ሽትራኸ በጁላይ 2017 በስፔኗ ኢቢዛ ደሴት፣ የሩሲያ ባለሀብት የእህት ልጅ ነኝ ካለች ሴት ጋር ሲነጋገሩ በድብቅ ተቀረጹ። ለምርጫ ድጋፍ በምላሹ የመንግሥት የግንባታ ውል ስለመስጠት ሲያወሩ ይሰማል። ቪዲዮው ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ተደብቆ ቆየ። ሜይ 17 ቀን 2019 አንድ የጀርመን ጋዜጣና አንድ የጀርመን መጽሔት ይፋ አደረጉት፤ በማግሥቱ ሽትራኸ ከምክትል ቻንስለርነታቸው ለቀቁ፤ ከአሥር ቀን በኋላ የቻንስለሩ የሰባስቲያን ኩርዝ መንግሥት በመተማመኛ ድምፅ ወደቀ። አዲስ የአገሪቱ ምክር ቤት ምርጫ ከመደረጉ በፊት መሆኑ ነው። ሽትራኸን የቀጣው የጥምረቱ አጋር የኩርዝ ፓርቲ ነው፤ አብሮ መቆየት ለእሱም ዕዳ ሆኖበት ነበርና። ፊዲያስ ግን አጋርም፣ ፓርቲም፣ ሥልጣን ያካፈለው ሰውም አልነበረውም። ከእሱ ጋር መታየት የሚያሳፍረው ማን ነበር?

ሌላው ልዩነት የቪዲዮው ባለቤትነት ነው። የሽትራኸ ቪዲዮ የድብቅ ቀረጻ ነው። የ2012ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ የሚት ሮምኒም እንዲሁ፦ በሜይ 2012 በፍሎሪዳ ለለጋሾች በተዘጋጀ ዝግ ግብዣ ላይ 47 በመቶው ሕዝብ በመንግሥት ላይ ጥገኛ ስለሆነ ምንም ቢሆን ለተቀናቃኛቸው ድምፅ ይሰጣል ሲሉ የተቀረጹት በሴፕቴምበር፣ ምርጫው ሁለት ወር ሳይቀረው ወጣ። (በመጨረሻ ራሳቸው ሮምኒ ያገኙት ድምፅ 47 በመቶ ገደማ ሆኖ መገኘቱ የምርጫ ታሪክ ቀልድ ነው።) የእነዚህ ሁለት ቪዲዮዎች ኃይል የመነጨው ሰውዬው በአደባባይ ከሚለውና በጓዳ ከሚለው መካከል ያለውን ክፍተት በማሳየታቸው ነው። ፊዲያስ ግን ገመናውን ራሱ ቀርጾ፣ ራሱ አርትዖ፣ ርዕስና ሽፋን ምስል ሠርቶለት የለቀቀ ሰው ነው። «ይኸው ያደረገውን ተመልከቱ» ተብሎ ቢለጠፍ፣ ተመልካቹ አስቀድሞ አይቶታል፤ የሚያውቀውም በዚያው ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እዚህ ግን ወለምታው ራሱ መተዳደሪያ ነበር።

ክፍተት ኖሮም የተረፉ እንዳሉ መዘንጋት የለበትም። የወቅቱ የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ በሴፕቴምበር 2019፣ በምርጫ ዘመቻ መሃል፣ ፊታቸውን አጥቁረው የተነሱት የ2001 ፎቶ ወጣባቸው፤ በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ቪዲዮ ተከተለ። ይቅርታ ጠየቁ፤ በኦክቶበር ፓርቲያቸው አብላጫውን አጥቶ 157 ወንበር ቢቀረውም ሥልጣን ላይ ቆዩ። የሚገርመው በጠቅላላ የድምፅ ብዛት ወግ አጥባቂዎቹ ይበልጡ ነበር። ያተረፋቸው የተቀናቃኛቸው ድምፅ በጥቂት ግዛቶች መከማቸቱና የራሳቸው ፓርቲ በዘመቻ መሃል መሪ ለመቀየር አለመድፈሩ ነው። እዚህም መልሱ የሚገኘው ማን ምን ሊነጥቅ ይችል ነበር በሚለው ጥያቄ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ምክር ቤት እንምጣ። በዚህ በኩል ከጃፓን የተሻለ ማስተማሪያ የለም። «ጋሺ» በሚል ስም የሚታወቀው ዩቲዩበር ዮሺካዙ ሂጋሺታኒ ዱባይ ተቀምጦ የታዋቂ ሰዎችን ምስጢር በሚያወጡ ቪዲዮዎች ዝና አተረፈ። በጁላይ 2022 በአንድ ትንሽ ፓርቲ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ለላይኛው ምክር ቤት ተመረጠ። ወደ ጃፓን ብመለስ እታሰራለሁ ብሎ ስለፈራ አንድም ቀን ስብሰባ ላይ አልተገኘም። ምክር ቤቱ መጀመሪያ በጉባኤ ፊት ቀርቦ ይቅርታ እንዲጠይቅ ወሰነበት፤ አልመጣም። ማርች 15 ቀን 2023 በ235 ድምፅ ድጋፍና በ1 ተቃውሞ አባረረው። ያባረረው በቪዲዮዎቹ ይዘት ሳይሆን ወንበሩ ባዶ በመሆኑ ነው። ቪዲዮዎቹን የተመለከተው ፍርድ ቤት ነው፦ በጁን 2023 ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ተያዘ፤ በቀጣዩ ዓመት በቪዲዮ ሰዎችን በማስፈራራት ጥፋተኛ ተብሎ የሦስት ዓመት እስራት በገደብ ተፈረደበት።

የጃፓን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 58 ምክር ቤቱ በተገኙት አባላት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አባሉን እንዲያባርር ይፈቅዳል። የአውሮፓ ፓርላማ ይህ ሥልጣን የለውም። በሥነ ምግባር ደንቡ መሠረት ለቀናት የሚሰጠውን አበል ሊከለክል፣ ለተወሰነ ጊዜ ከሥራ ሊያግድ ይችላል፤ የአባልነት ሥልጣኑን ግን ራሱ አያነሳም። አባልነት የሚያበቃው በሞት፣ በመልቀቅ፣ ከሌላ ሥልጣን ጋር አብሮ የማይሄድ ሆኖ ሲገኝ ወይም በአባል አገሩ ሕግ መሠረት ሲነጠቅ ነው። መራጭ በመሃል አባሉን ጠርቶ የሚያወርድበት አሠራርም የለም። ስለዚህ ጁን 2024 ላይ የተመረጠ ሰው እስከ 2029 ድረስ አሮጌ ቪዲዮ ቢወጣበትም ወንበሩ ላይ ነው። ቅጣቱ ሌላ መልክ ይይዛል። በፓርላማው ቡድን ለማቋቋም ቢያንስ ከ7 አገሮች የተውጣጡ 23 አባላት ያስፈልጋሉ፤ ከየትኛውም ቡድን ያልሆነ አባል የንግግር ጊዜው ጥቂት ነው፤ የሕግ ረቂቅ ዘገባ የመምራት ዕድሉም የመነመነ ነው። ፊዲያስ ከ720 አባላት መካከል የተቀመጠው በዚህ ቡድን አልባዎች ጎራ ነው። ለሌላ ሰው ይህ ከባድ ቅጣት ይሆን ነበር፤ ንግግሩን በስልክ ቀርጾ ለሚሊዮኖች ለሚያሳይ ሰው ግን የአንድ ደቂቃ የመድረክ ጊዜም ይበቃዋል።

ስለ ያለመከሰስ መብት ብዙ የተዛባ ነገር ይወራል። መብቱ የተቀመጠው በአውሮፓ ኅብረት ፕሮቶኮል ቁጥር 7 ውስጥ ነው። አንቀጽ 8 አባሉ በሥራው ላይ ለሰጠው አስተያየትና ድምፅ ይከላከልለታል። አንቀጽ 9 ደግሞ በአገሩ ውስጥ የአገሩ ምክር ቤት አባላት ያላቸውን ያህል ጥበቃ፣ በሌላ አባል አገር ከእስርና ከክስ ነፃ መሆንን ይሰጠዋል፤ እጅ ከፍንጅ ከተያዘ ግን አይሠራም። ሂደቱ ረጅም ነው። የአገሩ ባለሥልጣን መብቱ እንዲነሳ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ የፓርላማው ፕሬዚዳንት በምልዓተ ጉባኤ ያስታውቃሉ፤ የሕግ ጉዳዮች ኮሚቴ ሰነዱን አይቶ፣ አባሉን በዝግ ሰምቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ ጉባኤው በአብላጫ ድምፅ ይወስናል። ለፊዲያስ አሮጌ ቪዲዮዎች ይህ ሁሉ ብዙም አይጠቅምም አይጎዳምም፤ ጃፓንና ሕንድ የኅብረቱ አባል ስላልሆኑ ፕሮቶኮሉ እዚያ አይደርስም። እዚያ አገር እግሩ ቢረግጥ እንደማንኛውም ጎብኚ ነው። ጉዳዩ ከታሪፍ ማምለጥ የማያልፍ ከሆነ ደግሞ በጃፓን ባቡር ድርጅት የሚጠይቀው የጉዞውን ዋጋ እና እስከ ሁለት እጥፍ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ነው። ዐቃቤ ሕግ ለዚህ ሲል ባሕር አቋርጦ ሰው አያሳድድም። ስለዚህ የፍርድ ቤቱም ወንበር በተግባር ባዶ ነው።

ሰዎች ብዙ ያልተነጋገሩበት፣ እኔ ግን ከባቡሩ ቪዲዮ ይልቅ ከባድ ነው የምለው ነገር ገንዘቡ ነው። የአውሮፓ ፓርላማ አባል ከግብር በፊት በወር ከ10 ሺህ ዩሮ በላይ ይከፈለዋል። የዩቲዩብ ቻናሉ ሥራ ላይ እስካለ ድረስ፣ ከማስታወቂያ የሚገኝ ገቢ በዓመት በድምሩ ከ5,000 ዩሮ ካለፈ በግል ጥቅም ማሳወቂያው ላይ መስፈር አለበት። አሮጌ ቪዲዮዎቹም ከዚህ ስሌት አያመልጡም፤ ዩቲዩብ የሚከፍለው ቪዲዮው በተጫነበት ዓመት ብቻ ሳይሆን በታየበት ወር ሁሉ ነው። በምርጫ ሰሞን ተቃዋሚ የአንድን ዕጩ አሮጌ ቪዲዮ «ተመልከቱት» እያለ ዋናውን ሊንክ ሲያሰራጭ ለቪዲዮው ባለቤት ገቢ እየጨመረ ነው። ነውሩን ማጋለጥ የሚሻ ሰው ቢያንስ ቅንጭቡን ለይቶ፣ ምንጩን ጠቅሶ ቢያሳይ ይሻላል።

ከዚያ የተከታይ ቁጥር አለ። ፊዲያስ በተመረጠበት ጊዜ በዩቲዩብ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ተከታይ ነበረው፤ በሪፐብሊኩ ቁጥጥር ሥር ባለው የቆጵሮስ ክፍል የሚኖረው ሕዝብ ግን አንድ ሚሊዮን አይሞላም ነበር። ከተከታዮቹ የሚበዙት ለእሱ ድምፅ መስጠት አይችሉም ማለት ነው። ፓርላማ ከገባ በኋላ በአንዳንድ ጉዳዮች እንዴት ድምፅ ልስጥ ብሎ ተከታዮቹን በኦንላይን ሲጠይቅ የታየው ችግር ይኸው ነው። ተራ የማኅበራዊ ሚዲያ የድምፅ መስጫ የቆጵሮሷን የሊማሶል ከተማ ነዋሪ ከሌላ አህጉር ነዋሪ አይለይም፤ አንድ ሰው በአምስት አካውንት አምስት ጊዜ መምረጡንም አያግድም። በሜይ 2025 በሞስኮ የድል በዓል ሰሞን እዚያ መታየቱ ያስነሳው ቁጣም ከጃፓኑ ቁጣ የተለየ ነበር። የጃፓኑ የዩቲዩበር ነገር ነው፤ የሞስኮው ግን የተመረጠ ሰው ያደረገው ነው። በቆጵሮስ መራጭ ዘንድ ሁለተኛው ዓይነት ዕዳ በጊዜ ብዛት የሚረሳ አይመስለኝም።

እስካሁን ቪዲዮው እውነተኛ ነው ብለን ተነጋገርን። በተግባር ግን በቴሌግራም የሚደርሰን «የእገሌ አሮጌ ቪዲዮ» ከአራት በአንዱ መንገድ ይዛባል፦ ተቆርጦ፣ ቀኑ ተቀይሮ፣ ፍጥነቱ ተነካክቶ ወይም ፈጽሞ ተፈብርኮ። ስለዚህ ማጣራት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ዋናውን ቅጂ መፈለግ አለበት። በዋትስአፕና በቴሌግራም ሲተላለፍ የነበረ ቪዲዮ ተጨምቆ ስለሚመጣ መቼና በምን እንደተቀረጸ የሚናገረው የተደበቀ መረጃ ጠፍቷል፤ በዚያ ላይ ጊዜ ማባከን አይገባም። ከቪዲዮው አራት አምስት ቋሚ ምስል መውሰድ፤ በተለይ የሱቅ ምልክት፣ የመኪና ታርጋ፣ ሕንፃ የሚታይባቸውን። ከዚያ በጎግል ሌንስ፣ በያንዴክስና በቲንአይ መፈለግ። ሦስቱም ያስፈልጋሉ፤ ያንዴክስ በመልክና በቦታ ይበረታል፤ ቲንአይ ደግሞ ውጤቱን ከጥንቱ ጀምሮ ሊደረድር ይችላል። ኢንቪድ የሚባለው የብራውዘር ተጨማሪ ምስሎቹን በራሱ ቆርጦ ስለሚያወጣ ድካም ይቀንሳል። ፍለጋው ባዶ ከሆነ ምስሉን አግድም ገልብጦ መሞከር፤ ቅንጭብ አሰራጮች የቅጂ መብት መለያን ለማምለጥ ቪዲዮውን እንደ መስታወት ይገለብጡታል። ጽሑፉ ወደ ኋላ የሚነበብ ከሆነ ይኸው ነው።

ዋናው ሲገኝ ከተቆረጠው ቦታ በፊትና በኋላ ያለውን ቢያንስ አንድ አንድ ደቂቃ መስማት ግድ ነው። ፖለቲከኛው የሌላን ሰው ንግግር እየጠቀሰ ወይም እየቀለደ ሊሆን ይችላል። የሁለቱን ርዝመት ማነጻጸርም ይጠቅማል። በሜይ 2019 የወቅቱ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የናንሲ ፔሎሲ ንግግር የሰከሩ እንዲመስሉ ፍጥነቱ ወደ 75 በመቶ ገደማ ዝቅ ተደርጎ ተሰራጭቶ ነበር፤ የተለወጠ ቃል አልነበረበትም፤ ርዝመቱ ግን ያጋልጠዋል። ዩቲዩብ ላይ የሚታየው ቀን የተጫነበት እንጂ የተቀረጸበት አይደለም፤ የአሥር ዓመት ቀረጻ ትናንት ሊጫን ይችላል። የተፈበረከው ዓይነት ከሁሉ የሚከፋው ድምፅ ብቻ ሲሆን ነው፤ ከንፈር፣ እጅ፣ ጥላ የለውም። በስሎቫኪያ የ2023 ምርጫ ሁለት ቀን ሲቀረው የፓርቲ መሪው ሚሃል ሺሜችካ ስለ ምርጫ ማጭበርበር የሚያወሩ የሚመስል የድምፅ ቅጂ ተሰራጨ። የተለቀቀው ዘመቻም ሆነ ዘገባ በሕግ በሚቆምበት የ48 ሰዓት ጊዜ ነበር፤ ለማስተባበል አመቺው ሰዓት አልፏል። የዚህ ሌላ ገጽ ደግሞ አለ፦ እውነተኛ ቪዲዮ የወጣበት ፖለቲከኛ «ኤአይ ነው» ብሎ እንዲክድ በር ተከፍቶለታል። ያን ጊዜ ዋናውን ቅጂ የያዘ ሰው ብቻ ነው የሚረታው።

የዕጩዎች አማካሪዎች ደግሞ ከሌላው ጫፍ ይሠሩታል። ከመወዳደር በፊት የተረሱ አካውንቶችን ሁሉ፣ በድሮ ኢሜይልና ስልክ ቁጥር የተከፈቱትን ጨምሮ መዘርዘር፤ የጎግልን ዳታ በጎግል ቴክአውት ማውረድ፤ የቪዲዮዎቹን አውቶማቲክ ጽሑፍ አውጥቶ በስድብ፣ በብሔር፣ በሃይማኖትና በሰው ስም መፈለግ። ከዚያ ሕግ የተጣሰበትን፣ ሰው የተሰደበበትንና ዝም ብሎ የሚያሳፍረውን መለየት። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሦስተኛውን ሲያሳድዱ የመጀመሪያውን በመርሳታቸው ነው። የዳንስ ቪዲዮ ማንንም ከወንበር አያወርድም፤ ያልተከፈለ ሒሳብ የሚታይበት ግን ቢያንስ ተከፍሎ ደረሰኙ ሊያዝ ይገባል።

ማጥፋት የሚሠራው ማንም ሳያይ ሲደረግ ነው። ዕጩነት ከተገለጸ በኋላ የጠፋ ቪዲዮ ሁለተኛ ዜና ይፈጥራል፤ ክስ ከተጀመረ ደግሞ ማስረጃ ማጥፋት ይሆናል። መጥፋቱም ብዙ ጊዜ የይስሙላ ነው። እያንዳንዱ የዩቲዩብ ቪዲዮ 11 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለው፤ መለያው በድሮ ትዊት ወይም በብሎግ ላይ ከተረፈ፣ ዌይባክ ማሽን በሚባለው የድሮ ድረ ገጾች ማከማቻ ውስጥ አስገብቶ ቢያንስ ርዕሱንና መግለጫውን፣ አንዳንዴም ምስሉን ራሱን ማግኘት ይቻላል። «የግል» ከተደረገ ባለቤቱና እሱ የፈቀደላቸው ሰዎች ብቻ ያዩታል፤ «ያልተዘረዘረ» ከተደረገ ግን ሊንኩ ያለው ሁሉ ያየዋል፤ ይህን አምታተው የተጋለጡ አሉ። ይቅርታም የራሱ ሥርዓት አለው፦ ጥፋቱ በወጣበት በዚያው ቻናል፣ ምን እንደተደረገ በስሙ ጠርቶ፣ ለማን ምን እንደተከፈለ ተናግሮ። «ቅር ያለው ካለ» የሚል ሐረግ የገባበት ይቅርታ ተበዳዩን ተጠያቂ ያደርጋል፤ በማግሥቱም ሌላ ይቅርታ ይጠይቃል።

ፊዲያስ በ2025 መገባደጃ «ቀጥተኛ ዴሞክራሲ» የተባለ የራሱን ፓርቲ አቋቁሞ ፊቱን ወደ 2026ቱ የቆጵሮስ ምክር ቤት ምርጫ አዞረ። ይህ እርምጃ እስካሁን የተነጋገርንበትን ሒሳብ ይገለብጠዋል። የግል ተወዳዳሪ ሳለ የነበረበት የአንድ ወንበር ጣሪያ ተነስቷል፤ ምክር ቤቱ በ6 የምርጫ አውራጃዎች የተከፋፈሉ 56 ወንበሮች አሉት፤ የመግቢያው ገደብም 3.6 በመቶ ነው። ግን ዝርዝሩ ላይ ስማቸው የሚገባ ሰዎች ሁሉ የየራሳቸው ስልክ፣ የየራሳቸው ቲክቶክና የየራሳቸው የድሮ ቀረጻ አላቸው። የእነሱን ቪዲዮ ሕዝቡ አስቀድሞ አላየውም፤ በእሱ ላይ ያልነበረው ክፍተት በእነሱ ላይ አለ። ከእሱ ጋር መታየት የሚያሳፍረው ሰው አልነበረም፤ አሁን እሱ ራሱ ከሌላው ጋር መታየት የሚያሳፍረው ሰው ሆኗል። ከዕጩዎቹ አንዱ ላይ አሮጌ ቪዲዮ ሲወጣ ማን ያሰናብተዋል? መሪው ብቻውን ከወሰነ የፓርቲው ስም ሐሰት ይሆናል። ለተከታዮች በኦንላይን ድምፅ ከተሰጠ ደግሞ የተከሰሰው ዕጩ ተከታዮችም አብረው ይመርጣሉ።